ጮኾ ካልወጣ አይፈታም

ላንድክሩዘሩ ከሰቆጣ ወደ አበርገሌ የሚወርደውን ሦስተኛ ጠመዝማዛ ሲዞር ጭንቅላቴ ከበሩ ብረት ጋር ተላተመ።

«ኧረ በማርያም ሳጅን! እህል አይደለም የጫንከው፣ ሰው ነው!»

ዋና ሳጅን ጌታሰው በመስተዋቱ አየኝና ሳቀ። «ወይዘሮ እታገኝ፣ መንገዱን እኔ አልሠራሁትም።»

«ጉድጓዱን ግን አንድም ሳታስቀር እየጎበኘኸው ነው።»

ከፊት ወንበር የተቀመጠችው ዶክተር ዮርዳኖስ ማህደሯን በጉልበቷ ላይ አቅፋ ፈገግ አለች። የአእምሮ ሐኪም ናት፤ ፍርድ ቤቱ ነው ከሩቅ ያስጠራት። ዕድሜዋ ከልጄ አይበልጥም። በእሷና በሳጅኑ መካከል ክላሽንኮቩ ተጋድሟል፤ የሳጅኑ ስልክ ከመኪናው ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ኔትወርክ ሲያገኝ ጢር ይላል፣ ሲያጣ ይተኛል። ጊዜው የሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ጥር ነው፤ ማሽላው ታጭዶ ሜዳው ራቁቱን ቀርቷል።

እኔ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በሰው አፍ ስናገር የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ሌባው በአገሬው ቋንቋ፣ በኽምጥኛ ሲናገር በአማርኛ «ሰረቅሁ» የምለው እኔ፣ ባሏን የጠላችው ስትናገር «አልፈልገውም» የምለው እኔ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «አንቺ ማታ ቤት ስትገቢ ማን ሆነሽ እንደምትገቢ አላውቅም» ይለኝ ነበር። ያን ቀን የማስተረጉመው ለአንዲት መነኩሴ ነበር። ልጃቸው ትእዛዙ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አራት ሰው ገድሏል።

እኛ አገር ገዳይ ብርቅ አይደለም፤ መሸሸግ ምን ያደርጋል። ወሰን ተገፋ ብሎ የገደለ አለ፣ የወንድሙን ደም የመለሰ አለ፣ በጠላ ቤት ጠብ የገደለ አለ። ሰው ሞተ ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ምን አድርጎት?» ነው። የትእዛዙ ነገር ሀገሩን ያስጨነቀው ለዚህ ጥያቄ መልስ ስለሌለው ነው። ሟቾቹ ምንም አላደረጉትም። አልፎ ሂያጅ መንገደኞች ነበሩ። ትእዛዙ የመሸበትን የእግዜር እንግዳ ያስገባል፣ ያበላል፣ መደብ ለቆ ያሳድራል፣ ሲነጋ እስከ ወንዙ ድረስ ይሸኛል። ከወንዙ ተመልሶ የሚመጣው እሱ ብቻ ነው። ከኪሳቸው ሳንቲም አልወሰደም።

«አጥንቱ ነው» አለ ሳጅን ጌታሰው፣ ማርሽ እየቀየረ። «እኔ ምንም አልማርኩም፤ ግን ዘር ከልጓም ይስባል።»

«የትኛው ዘር?» አልኩት። «አባቱ መሪጌታ ነበሩ። ታላቅ ወንድሙ ደጅይጥኑ አምደወርቅ ከተማ መምህር ነው፤ ዝንብ የማይነካ ሰው። ልጓሙ ለአንዱ ብቻ ነው እንዴ የላላው?»

«እንግዲያው ሰይጣን ነው።»

«ዶክተር፣ ፍረጂን!» አልኩ።

ዶክተሯ ወደ ማሳው አየች። «ሳጅን፣ እርስዎ የገበሬ ልጅ ነዎት አይደል? አዝመራ ሲበላሽ የሚያበላሸው አንድ ነገር ብቻ ነው?»

«የለም። ዝናቡ ይዘገያል፣ ተምቹ ይመጣል፣ ዘሩም ደካማ ሊሆን ይችላል።»

«ዝናብ ዘግይቶበት፣ ተምች መጥቶበት፣ እንዲያም ሆኖ የሚያፈራ ማሳስ?»

«ሞልቷል።»

«እኔም የማውቀው ይህንኑ ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎችን ወደኋላ ስንመረምር ረሃብ እናገኛለን፣ የጭንቅላት ጉዳት እናገኛለን፣ በልጅነት የደረሰ ግፍ እናገኛለን። ግን ያንኑ ሁሉ ያሳለፉ እልፍ ሰዎች ልጅ አሳድገው፣ ጎረቤት ረድተው ይሞታሉ። ለምን እሱ? የሚለውን በሙሉ የሚመልስ ሐኪም አላየሁም። ደግሞ ማሳ አይመርጥም። ትእዛዙን ሦስት ቀን አነጋግሬዋለሁ፤ የሚያደርገውን ያውቅ ነበር። መርጧል።»

«አራት ጊዜ» አለ ሳጅኑ። የአራተኛውን ሬሳ ከወንዙ ያወጣው እሱ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት የሆነው ጨው ነጋዴ ነበር፤ ኪዳኑ ይባላል።

እማሆይ ለተጊዮርጊስ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ባለች አንዲት ጎጆ ይኖራሉ። በሩ ላይ ቆመው ጠበቁን፤ ቆባቸው ታጥቦ ነጥቷል፣ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ቆሎ በሰፌድ አቀረቡልንና ምድጃቸው ስለጠፋ ይቅርታ ጠየቁ። ልጃቸው ከተያዘበት ከክረምቱ ጀምሮ እሳት የሚያጫጭራቸው ጎረቤት የለም፤ ክብሪት ያለቀባቸው ዕለት ቀዝቃዛ ይበላሉ። ይህን ሲሉኝ ምሬት አልነበረባቸውም። እኔም የዚያ መንደር ሰው ብሆን እሳቱን አልከለክልም ብዬ መማል አልችልም።

ፍርድ ቤቱ ሰቆጣ ሲጠራቸው አልመጡም፤ «የሚጠይቀኝ ካለ ይምጣ፣ አስተርጓሚም ይምጣልኝ» ብለው ነበር የላኩት። ዶክተሯ ትንሿን መቅጃ ከመሬት አኑራ ጀመረች። እሷ በአማርኛ፣ እማሆይ በኽምጥኛ፣ እኔ በመካከል።

«ሲወለድ እንዴት ነበር?»

«ሲወለድማ እንደ ማንኛውም ልጅ ነበር» አሉ። «በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረቱ ረሃብ የዓመት ልጅ ነው። ጡቴ ደረቀ። ደጅይጥኑን በጀርባዬ፣ እሱን በደረቴ አዝዬ እህል ወደሚታደልበት አራት ቀን ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ማልቀስ አቆመ። ሞተ ብዬ ልቀብረው ጉድጓድ ፈልጌአለሁ።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«አደገ። በስድስት ዓመቱ ከአባቱ በቅሎ ወደቀ። ሁለት ቀን አልነቃም። ከነቃ በኋላ ሌላ ልጅ ሆነ፤ ወይ ይቆጣል፣ ወይ አንድ ቦታ አፍጥጦ ይቀራል። በዘጠኝ ዓመቱ አንድ ቀን ከበረቱ ስገባ ሦስት ግልገሎች ሞተው አገኘሁ። እሱ አጠገባቸው ተቀምጦ ጸጉራቸውን ይዳብሳል። ‹ምን ሆኑ?› አልኩት። ‹ተኝተዋል› አለኝ። አንገታቸው ላይ የእጁ ምልክት ነበር።»

ዶክተሯ አልጻፈችም፤ አየቻቸው ብቻ።

አባቱ መሪጌታ ልጁን ርኩስ መንፈስ ይዞታል አሉ። ማን ይከራከራቸዋል? ከመንደሩ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ገደል ሥር ጠበል ነበር፤ «አስጠማቂ ነኝ» የሚል አንድ ሰው ከቦታው ሰፍሮ በሽተኛ ይቀበላል። ልጁን ከወይራ ግንድ ጋር በሰንሰለት አሠረው። ደንቡን የአገሬው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ መንፈሱ በያዘው ሰው አፍ ይጮኻል፣ ይለፈልፋል፣ «ወጣሁ» ይላል። ያኔ ሰውየው ይፈታል። ጮኾ ካልወጣ አይፈታም። ዘመድ ከመጣም መንፈሱ ይበረታል ተብሎ እናት አትደርስም።

«ስንት ጊዜ ቆየ?» አለች ዶክተሯ።

«ከመስከረም እስከ ሚያዝያ። ሰባት ወር። በየገበያው ቀን መልእክተኛ እልክ ነበር። ‹ጮኸ ወይ?› እላለሁ። ‹አልጮኸም። ይህ ክፉ ነው፤ ድዳ መንፈስ ነው› ብሎ አስጠማቂው ይልክብኛል።»

«ይመቱት ነበር?»

«ከተፈታ በኋላ ጀርባውን ሳጥብ አየሁት። ለአባቱ ነገርኩት። ‹የተመታው ሰይጣኑ ነው እንጂ ልጁ አይደለም› አለኝ።»

ሳጅን ጌታሰው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፣ እንደገና አወለቀ።

«በመጨረሻ እንዴት ተፈታ?»

«አስጠማቂው ታመመና ሄደ። እኔ ሄጄ ፈታሁት። ሲመለስ ጨዋ ሆነ። አይቆጣ፣ አይሳደብ፣ የታዘዘውን ይሠራል። መንደሩ እልል አለ፤ ‹ጠበሉ ሠራለት› አሉ። እኔም አብሬ እልል አልኩ።» እማሆይ መቋሚያቸውን በመዳፋቸው አሹ። «ጨዋ ልጅ። ሠላሳ ዓመት ጨዋ ነበር።»

ዶክተሯ ጎንበስ ብላ በቀስታ ጠየቀች። «እማሆይ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ታስሯል፣ ይመታል፣ ይበርደዋል። ልጅ እንደዚህ ሲሆን ይጮኻል። ለምን አልጮኸም?»

«አላውቅም» አሉ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አሁን እኔ ልጠይቃት። ፍርድ ቤቱ የሚጠይቀኝን ጨርሻለሁ። ልጄን ገዳይ ያደረግሁት እኔ ነኝ ወይ? ይህን እንድትነግረኝ ነው ኑ ያልኩት» አሉ። ቃል በቃል አስተረጎምኩ።

ዶክተሯ መቅጃውን አጠፋች። «እማሆይ፣ ልዋሽዎት አልፈልግም። ያ ሰባት ወር ልጁን ጎድቶታል። በጣም። ረሃቡም፣ ውድቀቱም ጎድተውታል፤ ግን ከጎዱት ሁሉ ያ የሚበልጥ ይመስለኛል። ‹የእርስዎ እጅ የለበትም› ብል ውሸት ነው። ብቻውን ግን ገዳይ አያደርግም። ከዚያ ወይራ ጋር ስንት ልጅ እንደታሰረ ያስቡት፤ ሌሎቹ ሰው አልገደሉም። እርስዎ ያወቁትን አድርገዋል፤ እሱ ደግሞ ያደረገውን አድርጓል። ሁለቱ አይደባለቁም።»

እሳት የሚያጫጭራቸው ያጡ አሮጊት! ቆባቸውን አጥበው የጠበቁን! ምን ብዬ ነው «የእርስዎ እጅ አለበት» የምላቸው? ሃያ ሁለት ዓመት አንዲት ቃል አጉድዬ አላውቅም። ያን ቀን ግን በኽምጥኛ እንዲህ አልኳቸው፦ «ዶክተሯ ‹እርስዎ ምንም አላደረጉም፤ ጽሕፈቱ ነው፣ እንዲሁ ሲፈጠር እንደዚያ ነው› ትላለች።»

እማሆይ አዩኝ። ከዚያ ጥርት ባለ አማርኛ፣ ከእኔ አማርኛ በተሻለ አማርኛ፣ «እታገኝ፣ ልጄ፣ እሷ እንደሱ አላለችም» አሉ።

«አማርኛ ይችላሉ?»

«የመሪጌታ ሚስት ሆኜ አርባ ዓመት ኖሬ!»

«ታዲያ ለምን አስተርጓሚ አሉ?»

«ልጄን ያጠባሁት በኽምጥኛ ነው። ስለሱ በሌላ አፍ ማውራት አልሆነልኝም።» እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቴን ነኩኝ። «አዝነሽልኝ ነው፤ አውቄዋለሁ። ግን አንቺ ስትዋሺልኝ እኔም የዋሸሁትን አስታወስሽኝ። ዶክተር፣ ‹ለምን አልጮኸም?› ብለሽ ጠየቅሽኝ። አላውቅም አልኩሽ። አውቃለሁ።»

ዶክተሯ መቅጃውን ልታበራ እጇን ሰደደችና ተወችው።

«ያሰርነው ዕለት ቀሚሴን ይዞ አለቀሰ። አስጠማቂው ቆሟል፣ አባቱ ይቆጣል። እኔም ሆዴ እንዳይባባ ፈርቼ፣ በጆሮው፣ ‹ዝም በል። ድምፅህን ከሰማሁ አልመጣም። ዝም ካልክ ቶሎ መጥቼ እወስድሃለሁ› አልኩት። ለቀቀኝ። ዞሬ ሳይ አፉን በሁለት እጁ ይዞ ነበር።» እንባቸው ወረደ፤ አልጠረጉትም። «እነሱ እንዲጮኽ ይመቱታል። እሱ ደግሞ እኔ እንድመጣለት ዝም ይላል። ሰባት ወር ሙሉ።»

ይህን በአማርኛ ነበር የተናገሩት፤ ማስተርጎም አላስፈለገም። እኔ ግን ልቅሶዬ መጣ፤ ወጥቼ ከመኪናው ጀርባ አለቀስኩ። ሳጅን ጌታሰውም እዚያው ነበር፤ ጎማ የሚመረምር መስሎ ተንበርክኳል።

ስመለስ እማሆይ ቆመዋል። «ወደሱ ውሰዱኝ። እስከ ዛሬ ያልሄድኩት ይህን ሳልናገር ፊቱን ማየት ስለፈራሁ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ሰቆጣ ተመልሰን ማረሚያ ቤቱ ደረስን። ትእዛዙ ወደ ጠያቂዎች ቦታ ሲመጣ ሁላችንም ተነቃነቅን። ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ጋቢው የታጠበ ሰው ነው። በመንገድ ላይ ባገኘው «ጌታዬ፣ ወዴት ነዎት?» ብዬ አብሬው የምሄድ ዓይነት። ጎንበስ ብሎ የእናቱን ጉልበት ሳመ። «መንገዱ ደከመሽ?» አላቸው።

አራት ሰው ገድሎ «መንገዱ ደከመሽ?»! ልጠላው ተዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት፤ ጠልቼዋለሁም። ግን አዘንኩለትም፤ ሁለቱንም ባንድ ላይ ተሸክሜ ቆምኩ።

እናትየው በኽምጥኛ ተናገሩ፤ እኔም አጠገቤ ለቆመችው ዶክተር በሹክሹክታ አስተረጎምኩ፤ አሁን ሳልጨምር፣ ሳልሸፍን። «ከወይራው ሥር ዝም በል ያልኩህ እኔ ነኝ። ቶሎ እመጣለሁ ብዬ አልመጣሁም። ሲመቱህ እንደነበር አይቼ፣ ለአባትህ ብቻ ነግሬ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በለኝ።»

ትእዛዙ ወደ መሬት አየ። «ረስቼዋለሁ» አለ።

«እኔ አልረሳሁትም። ይህ የኔ ነው፤ ለነፍስ አባቴም ለፍርድ ቤቱም እናገረዋለሁ። የአራቱ ሰዎች ደም ግን ያንተ ነው፣ ልጄ። ልሸከምልህ ብዙ ሌሊት ሞክሬአለሁ። አልተነሣልኝም።»

የዘበኛው ሬዲዮ ከሩቅ ይንጫጫል። የሰውየው ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን።

«እሺ» አለ።

እማሆይ በሁለት እጃቸው ፊቱን ይዘው ግንባሩን ሳሙት፣ እኔ ልጄን በምስምበት አሳሳም። ዘበኛው ሰዓቱ ደረሰ አለና ወሰደው። ከእንባ፣ ከመሬት መውደቅ፣ ከኑዛዜ አንድም አልነበረም። ወጥተን ዶክተሯን፣ «ይህን ሁሉ ሰምቶ እሺ ብቻ?» አልኳት። «ምናልባት ከዚያ በላይ የለውም» አለችኝ። እሷም ዓይኗ ቀልቷል።

ከበሩ ውጭ እማሆይ ሳጅን ጌታሰውን በመቋሚያቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። «ያ ጨው ነጋዴ፣ በመንገድ ላይ ኪዳኑ ነው ያልከኝ፤ የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

ሳጅኑ ማህደሩን ከዶክተሯ ተቀብሎ ገለጠ። «ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ አለ። የክርስትና ስም እኛ አንጽፍም፣ እማሆይ።»

«የሦስቱን ከየነፍስ አባቶቻቸው ጠይቄ ይዣለሁ። በጸሎቴ እጠራቸዋለሁ። የዚያ ልጅ ግን ባዶውን ነው የማልፈው። በዓለም ስም ነፍስ አይታሰብማ። ቤቱ የት ነው?»

«ከተከዜ ወዲያ ነው። እማሆይ፣ እርስዎ ደመኛ ነዎት! የገዳዩ እናት ነኝ ብለው በራቸው ላይ ሊቆሙ ነው? ቢገድሉዎትስ?»

«ከቤታችን እንጀራ በልቶ ነው የሞተው» አሉ እማሆይ። «ከቤታችን አንድ ሰው ስሙን ይጠይቅለት እንጂ።»

ሳጅን ጌታሰው ኮፍያውን አወለቀ። ያ በጠዋት ስለ አጥንት ሲያወራ የነበረ ሰው መሬት መሬቱን አየ። «እስከ ወንዙ አደርስዎታለሁ» አለ። «ከወንዙ ወዲያ የኔ ሥልጣን አይደለም። ግን እዚያው ቆሜ እጠብቃለሁ።»

«እነሱ የሚናገሩት ትግርኛ ነው» አለች ዶክተሯ።

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። የደመኛ በር! በሰው አፍ ስናገር የኖርኩት ዘበኛ ባለበት፣ ዳኛ ባለበት ቤት ነው። «ምን ታዩኛላችሁ?» አልኩ። «እኔ ትግርኛ የምችለው ለገበያ ያህል ነው። በርበሬ ስጠይቅ፣ ቅናሽ ስለምን።»

«ስም ለመጠየቅ ይበቃል» አሉ እማሆይ፣ እጄን እየያዙ።